የዓለም ቅርስ ለማየት ስትነሱ መጀመሪያ ዶሴውን ክፈቱ

ሰዎች ወደ አንድ የዓለም ቅርስ ሊሄዱ ሲያስቡ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ያው ነው፤ «እዚያ ሄጄ ምን ልይ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ «ቦታው ለምን እንደተመዘገበ አንብበሃል?» አብዛኞቹ አላነበቡም። የሚነበብ ነገር መኖሩንም አያውቁም። አለ እኮ! በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረ ቦታ ሁሉ የራሱ ዶሴ አለው። ለምን እንደተመረጠ፣ ወሰኑ እስከ የት እንደሆነ፣ ምን እያሰጋው እንዳለ ተጽፎ በመዝገቡ ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ተደርጓል። ክፍያ የለውም። እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ ማንበብ ለሚችል ሰው አንድ ምሽት ይበቃዋል።

ያንን አንድ ምሽት ያልሰጠ ሰው ምን እንደሚያመልጠው ላሳያችሁ። ቦስኒያና ሄርዞጎቪና ውስጥ፣ ሞስታር ከተማ ላይ፣ ኔሬትቫ ወንዝን የሚሻገር የታወቀ የድንጋይ ድልድይ አለ። ጎብኚው ይመጣል፣ ቅስቱን ፎቶ ያነሳል፣ «የኦቶማን ዘመን ድልድይ አየሁ» ብሎ ይመለሳል። ያየው ድልድይ ግን በ2004 ተሠርቶ ያለቀ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የ16ኛው ክፍለ ዘመን ድልድይ በ1993 በጦርነቱ ተመትቶ ወንዙ ውስጥ ወድቋል። ዶሴውን ስትከፍቱ ቦታው በ2005 የተመዘገበው በአንድ መስፈርት ብቻ መሆኑን ታገኛላችሁ። የተመዘገበውም ድልድዩና ዙሪያው መልሰው መገንባታቸው የዕርቅና የዓለም አቀፍ ትብብር ምልክት ስለሆነ ነው። ይህን ያወቀ ሰው እዚያ ሲቆም የሚያየው ሌላ ነገር ነው። አዲስነቱ አይረብሸውም፤ እንዲያውም የሚፈልገው እሱን ይሆናል።

እኔ የምከተለውን መንገድ በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ። ቦታው ድረስ ለመሄድ አቅም ላላችሁም፣ ከስልካችሁ ሆናችሁ ዓለምን ማወቅ ለምትፈልጉም ይሠራል።

የትኛው መዝገብ እንደሆነ አጣሩ

«ዩኔስኮ መዘገበው» የሚለው ወሬ ብዙ ነገር ያደባልቃል። የዓለም ቅርስ መዝገብ በ1972 ከጸደቀው ስምምነት የመጣ ሲሆን የሚመዘግበው ቦታ ነው፤ ሕንፃ፣ ከተማ፣ ተራራ፣ ደን፣ ባሕር። በዓል፣ ዜማና የእጅ ሙያ በ2003 በጸደቀ ሌላ ስምምነት በማይዳሰሱ ቅርሶች ስር ይመዘገባሉ። የብራና መጻሕፍትና ታሪካዊ ሰነዶች ደግሞ የዓለም ትውስታ በሚባለው መዝገብ ይገባሉ። ከዚህ ሌላ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎችና ጂኦፓርኮች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ሕግ አለው። አንድ ቦታ በሁለቱ ወይም በሦስቱ ላይ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የቱ እንደሆነ ሳታጣሩ ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

የ1972ቱ ስምምነት ከየት እንደመጣ በአጭሩ ልንገራችሁ፤ የቀረውን ለመረዳት ይጠቅማል። ግብፅ የአስዋንን ከፍተኛ ግድብ ልትሠራ ስትነሳ የኑቢያ ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች በውኃ ሊዋጡ ሆነ። ዩኔስኮ በ1960 ዓለምን ለእርዳታ ጠራ። ከ1964 እስከ 1968 የአቡ ሲምበል ሁለት ቤተ መቅደሶች በመጋዝ ተቆርጠው፣ 65 ሜትር ያህል ከፍ ብለው፣ 200 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተወስደው እንደገና ተገጣጠሙ። ብዙ አገሮች ለሌላ አገር ቅርስ ገንዘብና ባለሙያ አዋጡ። «ይህማ የሁላችንም ነው» የሚለው ሐሳብ ወደ ሕግ የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። በ1978 የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ተመዘገቡ። ከእነሱ መካከል የኢኳዶሩ ጋላፓጎስ ደሴቶች፣ የአሜሪካው የሎውስቶን ፓርክ፣ የፖላንዱ የቪየሊችካ የጨው ማዕድን፣ የሴኔጋሉ ጎሬ ደሴት፣ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ይገኛሉ። በ2025 አጋማሽ ቁጥሩ 1,248 ደርሷል፤ 972 ባህላዊ፣ 235 ተፈጥሯዊ፣ 41 ደግሞ ሁለቱንም የያዙ ናቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መዝገቡ ላይ መስፈር ባለቤትነትን አይቀይርም። ዩኔስኮ ቦታውን አይረከብም፣ ዘበኛም አያቆምም። የመጠበቁ ግዴታ ቦታው ያለበት አገር ነው። «ዩኔስኮ ለምን አያድሰውም?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ወደ ተሳሳተ በር የሚሄድ ነው።

ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ያዙ

እያንዳንዱ ቦታ የመዝገብ ቁጥር አለው። ጋላፓጎስ 1 ነው። ቁጥሩ የሚጠቅመው ስሞቹ ስለሚያታልሉ ነው። ለምሳሌ በሥዕሎቹ የታወቀውን የፈረንሳይ ዋሻ፣ ላስኮን፣ በስሙ ብትፈልጉት ለብቻው ተመዝግቦ አታገኙትም። ያለው «የቬዜር ሸለቆ ቅድመ ታሪክ ቦታዎችና ሥዕል ያለባቸው ዋሻዎች» በሚል ነው፤ ቁጥሩ 85። አቡ ሲምበልም ከሌላው የኑቢያ ቤተ መቅደስ ቦታ፣ ከፊሌ፣ ጋር በአንድ ላይ በ88 ተመዝግቧል። ቁጥሩን ከያዛችሁ በየትኛውም ቋንቋ ብትፈልጉ የምታገኙት ያንኑ ዶሴ ነው።

ከቁጥሩ ኋላ «ቢስ» ወይም «ቴር» የሚል ቅጥያ ካያችሁ ደግሞ ወሰኑ ወይም መስፈርቱ ኋላ ላይ ተቀይሯል ማለት ነው። ጋላፓጎስ በመጀመሪያ የተመዘገበው ደሴቶቹን ይዞ ነበር፤ በ2001 ዙሪያውን ያለው ባሕርም ተጨመረ። ትንሽ ቅጥያ ናት፤ ግን «እዚህ ጋ አንድ ታሪክ አለ» ብላ ትጠቁማችኋለች።

መስፈርቶቹን አንብቡ፤ ዋናው ሥራ እዚህ ነው

አስር መስፈርቶች አሉ፣ በሮማ ቁጥር የተጻፉ። ከ1 እስከ 6 ያሉት ባህላዊ፣ ከ7 እስከ 10 ያሉት ተፈጥሯዊ ናቸው። አንድ ቦታ ለመመዝገብ ቢያንስ አንዱን ማሟላት አለበት። በራሴ አባባል ላስቀምጣቸው። አንደኛው የሰው ልጅ የፈጠራ ችሎታ ጥግ የደረሰበት ሥራ ነው። ሁለተኛው ሕዝቦች እርስ በርስ የተማማሩበትን ቦታ ይመለከታል። ሦስተኛው ለአንድ ሥልጣኔ ወይም ባህል ምስክር የሆነውን፣ አራተኛው የአንድ ዘመን የሕንፃ ዓይነት ግሩም ምሳሌ የሆነውን፣ አምስተኛው የሰው አሰፋፈርና የመሬት አጠቃቀምን። ስድስተኛው ትልቅ ክስተት፣ እምነት ወይም ሐሳብ የተያያዘበት ቦታ ነው። ሰባተኛው የተፈጥሮ ውበት፣ ስምንተኛው የመሬት አፈጣጠር ታሪክ፣ ዘጠነኛው የሥነ ምህዳር ሂደት፣ አስረኛው ብዝኃ ሕይወት፣ በተለይም የመጥፋት አደጋ ያጠላባቸው ዝርያዎች መኖሪያ።

እነዚህን መሸምደድ አያስፈልግም። ቦታችሁ የትኞቹን እንደያዘ ብቻ እዩ። ታጅ ማሃል ያለው አንደኛውን ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ የምትፈልጉት ሥራው ራሱ ነው፤ ምጥጥኑ፣ እብነ በረዱ፣ በውስጡ የተከተተው ባለ ቀለም ድንጋይ። የናዚ የሞት ካምፕ የነበረው አውሽቪትስ ቢርከናውና የሂሮሺማው የሰላም መታሰቢያ ያላቸው ስድስተኛውን ብቻ ነው። እዚያ ስለ ሕንፃ አሠራር የሚጠይቅ ሰው መንገድ ስቷል። የሄደው ሊያስታውስና ሊያዝን ነው፤ ልብሱም፣ ድምፁም፣ ፎቶ አነሳሱም ይህን ማክበር አለበት። ኪሊማንጃሮ የተመዘገበው በሰባተኛው ብቻ ነው። ተራራው ከሜዳው ላይ ብቻውን የተነሳበት ግርማ ነው ያስመዘገበው። ጫፉ ላይ ያልወጣ ሰውም እንግዲህ ዋናውን ነገር ከሩቅ ሙሉ በሙሉ ያያል። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጉልበቱን ለሚያመው ለብዙ ሰው እፎይታ ነውና።

ጋላፓጎስ ደግሞ አራቱንም የተፈጥሮ መስፈርቶች ይዟል። ቬኒስ ስድስቱንም የባህል። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ሁሉንም አየሁ ማለት ዘበት ነው። አንዱን መስፈርት ምረጡና እሱን ተከትላችሁ ሂዱ። ለምሳሌ ጋላፓጎስ ላይ ስምንተኛውን ከመረጣችሁ፣ ሁሉም ሰው ኤሊ ሲፈልግ እናንተ የቀዘቀዘው ቅልጥ አለት እንዴት እንደፈሰሰ ታያላችሁ።

ከመስፈርቱ ስር የላቀ ዓለም አቀፋዊ ፋይዳ የሚለው መግለጫ ይመጣል። ቋንቋው ከባድ ነው፤ «ልዩ»፣ «ወደር የሌለው»፣ «አስደናቂ» ይበዛበታል። የኔ ዘዴ ቅጽሎቹን ዘልዬ በእርሳስ ስሞቹን ማስመር ነው። በእጅ የሚነኩ፣ በዓይን የሚታዩ ነገሮች ብቻ። ዚምባብዌ ውስጥ ስላለው ጥንታዊ የድንጋይ ከተማ፣ ስለ ታላቁ ዚምባብዌ፣ ስታነቡ የሚቀራችሁ ይህ ነው፤ የተጠረበ ግራናይት፣ ያለ ማጣበቂያ የተደረደረ፣ ከፍታው እስከ 11 ሜትር የሚደርስ የታላቁ አጥር ግንብ።

አሁን እዚያ ግንብ ስር ቆማችኋል እንበል። የምትፈልጉትን ታውቃላችሁ። ጠጋ ብላችሁ በድንጋዮቹ መካከል እዩ፤ ጭቃ የለም፣ ኖራ የለም። ድንጋዩን የያዘው የራሱ ክብደትና የደርዳሪው እጅ ነው። ሽቅብ ስታዩ ግንቡ እየሳሳ ይሄዳል፤ ታችኛው ወፍራም፣ ላይኛው ቀጭን። ጫፉ ላይ ደግሞ ድንጋዮቹ ገደድ ገደድ ብለው በወርድ የሚሄድ የጥርስ ቅርጽ ሠርተዋል። መግቢያው ጋ ግንቡ በቀኝ ማዕዘን አይታጠፍም፤ ድንጋዩ እንደ ተላገ እንጨት ዙሮ ይገባል። እነዚህን አራት ነገሮች ያየ ሰው ለምን ግንቡ ላይ መደገፍና መውጣት ክልክል እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ማጣበቂያ የሌለው ግንብ አንድ ድንጋይ ሲወጣበት ሌላውም ይላላል። ዶሴ ማንበብ ለኔ ይህ ነው፤ ዓይንም ይከፍታል፣ እግርንም ይገራል።

ከመስፈርቱ ኋላ ያለውን ግምገማም ክፈቱ

አገሩ ራሱ ያቀረበው ጽሑፍ ቦታውን ያሞግሳል፤ የሚጠበቅ ነው። ሚዛኑን የምታገኙት በገምጋሚዎቹ ሰነድ ነው። የባህሉን ኢኮሞስ (የሐውልቶችና የቅርስ ቦታዎች ዓለም አቀፍ ምክር ቤት)፣ የተፈጥሮውን ደግሞ አይዩሲኤን (ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት) ይገመግማሉ፤ ውሳኔው ግን የ21 አገሮች ኮሚቴ ነው። ግምገማው ውስጥ «የአስተዳደር ዕቅድ ይጎድለዋል»፣ «ወሰኑ ጠባብ ነው»፣ «የጎብኚ ብዛት ያሰጋዋል» የሚሉ ግልጽ ዓረፍተ ነገሮች አሉ። እነሱን ብቻ አንብቡ፤ ሌላው ይቆይ።

ካርታውን ሳታዩ አትሂዱ

ዶሴው ካርታ አለው። ካርታው ላይ ሁለት መስመር ፈልጉ። የውስጠኛው የቅርሱ ክልል ነው። የውጪኛው መከለያ ቀጠናው ነው፤ ብዙ ሰው በፈር ዞን የሚለው። ሆቴላችሁ የት እንደሚያርፍ፣ መኪና የት እንደሚቆም በዚህ ካርታ ላይ እዩ። ቅርሱ ራሱ ሳይነካ ዙሪያው ተለውጦ ቅርስነቱ ሊጠፋ ይችላልና።

እስካሁን ሙሉ በሙሉ ከመዝገቡ የተሰረዙት ጥቂት ናቸው። የኦማን የዓረቢያ ኦሪክስ (ረጅም ቀንድ ያለው የበረሃ እንስሳ) ጥብቅ ቦታ በ2007 የመጀመሪያው ሆነ። መንግሥት የጥብቅ ቦታውን ስፋት በ90 በመቶ ቀነሰው። በ1996 ወደ 450 የነበሩት ኦሪክሶች ወደ 65 ወርደው ነበር። ቀጥሎ በ2009 የጀርመን ድሬስደን፣ የኤልበ ወንዝ ሸለቆ። ምክንያቱ በሸለቆው መሐል የተሠራ ባለ አራት ረድፍ የመኪና ድልድይ ነው። የፈረሰ ቤተ መንግሥት የለም፤ የተመዘገበው መልክዓ ምድሩ ስለነበር እይታው ሲቆረጥ ቅርሱ ተቆረጠ። በ2021 ደግሞ የእንግሊዟ ሊቨርፑል በወደቧ አካባቢ በተሠሩና በታቀዱ አዳዲስ ግንባታዎች ምክንያት ተሰረዘች።

ድሬስደንን የማነሳው ሰው «እይታ» ሲባል እንደ ቅንጦት ስለሚያየው ነው። እይታ የቅርሱ አካል ሊሆን ይችላል። ካርታውን ይዛችሁ አንድ ከፍ ያለ ቦታ ምረጡ፤ ከዚያ ላይ ቅርሱ ከዙሪያው ጋር እንዴት እንደሚታይ ተመልከቱ። በመንገድ ላይ ሆናችሁ ከምታነሱት መቶ ፎቶ አንዱ ይህ ይሻላል።

«አደጋ ላይ» የሚለውን ቃል በትክክል ተረዱ

አደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶች የሚባል ሌላ ዝርዝር አለ። ቦታችሁ እዚያ ውስጥ ካለ «አትምጡ» ማለት አይደለም። ለቅርሱ እንጂ ለጎብኚው የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አይደለም። የጸጥታውን ነገር ለብቻው፣ ከወቅታዊ ምንጭ አጣሩ። የኮንጎው ቪሩንጋ ብሔራዊ ፓርክ ከ1994 ጀምሮ እዚያ ዝርዝር ላይ ነው፤ እዚያ ጦርነቱም አደኑም ለሰውም ለጎሪላም እውነተኛ ስጋት ነው። የቤሊዝ ኮራል ሪፍ ግን በ2009 ሲገባ የሚያሰጋው የማንግሮቭ (በባሕር ዳር ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ደን ጭፍጨፋና የባሕር ዳር ግንባታ ነበር፤ ዋናተኛውን የሚነካው ነገር አልነበረም። አገሪቱ በውኃዎቿ ላይ ነዳጅ ፍለጋን በሕግ አገደች፣ ማንግሮቩንም የሚጠብቅ ደንብ አወጣች፤ በ2018 ከዝርዝሩ ወጣ። የካምቦዲያው አንግኮር በ1992 ገብቶ በ2004 ወጥቷል። የሰሜን ተራሮች በ1996 ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ስለዚህ ዝርዝሩን እንደ ውርደት አትዩት። እኔ እንደ እርዳታ ጥሪ ነው የማየው፤ መልስ ያገኘ ጥሪም ብዙ ነው።

ዶሴው ውስጥ የጥበቃ ሁኔታ ሪፖርት የሚል ክፍል አለ። የቅርቡን ዓመት ክፈቱና ኮሚቴው አገሩን ምን እንደጠየቀ እዩ። ስትደርሱ አስጎብኚውን የምትጠይቁት ጥያቄ ከዚያ ይወጣል። ጥሩ አስጎብኚ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣለት ደስ ይለዋል፤ ከተለመደው ትረካ ወጥቶ የሚያውቀውን ይነግራችኋል።

መሄድ የሌለባችሁ ቦታም አለ

ይህን ክፍል ሰዎች አይወዱትም፤ እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ላስኮን መልሰን እንየው። አራት ታዳጊዎች በ1940 አገኙት። ሥዕሎቹ ወደ 17,000 ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል፤ በሬ፣ ፈረስ፣ አጋዘን። በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ፤ በቀን ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ይገባ ጀመር። ማንም ሥዕሉን አልነካም እንበል፤ ሁሉም ጨዋ ነበር እንበል። ግን ሁሉም ተነፈሰ። ከትንፋሹ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ እርጥበቱና የሰውነት ሙቀቱ የዋሻውን አየር ቀየረው። በመብራቱ እገዛ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ አልጌ ወጣ። ሌላ ቦታ ደግሞ ካልሳይት የሚባል ማዕድን ነጭ ድር ሠርቶ ሥዕሉን ይሸፍነው ጀመር። በ1963 ዋሻው ለሕዝብ ተዘጋ፤ እስካሁንም ዝግ ነው። ከተዘጋ በኋላም ቢሆን ሻጋታ አልተወውም።

ዛሬ ላስኮ የሚሄድ ሰው የሚያየው ቅጂውን ነው። የመጀመሪያው በ1983፣ የተሟላው ደግሞ በ2016 ተከፈተ። በ1994 የተገኘው ሌላው የፈረንሳይ ባለ ሥዕል ዋሻ፣ ሾቬ፣ ከዚህ ትምህርት ተወስዶ ከመጀመሪያውም ለሕዝብ አልተከፈተም፤ ቅጂው በ2015 ተሠራ። «ቅጂ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ?» የሚሉ አሉ። እኔ በሙሉ ልቤ ሂዱ እላለሁ። በቅጂው ውስጥ መቆም፣ ማውራት፣ ልጅ ይዞ መግባት ይቻላል። የግድግዳው እብጠት ሳይቀር በሚሊሜትር ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ ሠዓሊው የድንጋዩን ጉብታ የእንስሳ ሆድ እንዳደረገው በግልጽ ታያላችሁ። ዋናው ደግሞ እዚያው በጨለማው ውስጥ እየኖረ ነው።

አይስላንድ አጠገብ ያለችው ሰርትሴ ደሴትም እንዲሁ ናት። ከ1963 እስከ 1967 በቆየ እሳተ ገሞራ ከባሕር ወጣች። ሳይንቲስቶች ሕይወት ባዶ መሬት ላይ እንዴት እንደሚጀምር የሚያጠኑባት ቦታ ስለሆነች ሌላ ሰው እንዲረግጣት አይፈቀድም። አንድ ጊዜ የቲማቲም ችግኝ በቅሎ ተገኘ፤ ዘሩ ከሰው የመጣ ስለነበር ተነቀለ። ይህቺ ችግኝ ለኔ ስለ ጫማችን ታስተምረኛለች። ወደ ማንኛውም የተፈጥሮ ቅርስ ስትሄዱ ጫማችሁን ከነሶሉ፣ የሱሪያችሁን እጥፋት፣ የቦርሳችሁን ስፌት ከጭቃና ከዘር አጽዱ። አዲስ አረም የሚገባው እንዲህ ነው።

ደንቡን ከነምክንያቱ ያዙ

ደንብ ምክንያቱ ሲታወቅ አይከብድም። የጋላፓጎስ ደንብ ከእንስሳት ቢያንስ 2 ሜትር ራቁ፣ ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር ካልሆነ በጥብቅ ቦታዎቹ አትንቀሳቀሱ ይላል። እንስሳቱ ሰው ስለማይፈሩ ርቀቱን መጠበቅ ያለበት ሰው ነው። በተራራ ጎሪላ ጉብኝት 7 ሜትር፣ አሁን አሁን ብዙ ቦታ 10 ሜትር ራቁ ይባላል፤ ጉንፋናችን ይዞ ሊገድላቸው ስለሚችል ነው። ጉሮሯችሁን ካመማችሁ በዚያ ቀን አትሂዱ፤ ገንዘቡ ቢቃጠልም። የፓስፊክ ደሴት አገር የሆነችው ፓላው በ2020 ኮራልን ይጎዳሉ ያለቻቸውን ንጥረ ነገሮች የያዙ የፀሐይ መከላከያ ቅባቶች ከልክላለች፤ ወደ የትኛውም ሪፍ ስትሄዱ በቅባት ፈንታ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። የኢንዶኔዥያው ቦሮቡዱር ላይ ለመውጣት ከቅጠል የተጎነጎነ ልዩ ነጠላ ጫማ ይሰጣል፣ የሰው ቁጥርም ተገድቧል፤ ደረጃው በጫማ እየተበላ ነበር። የፔሩው ማቹ ፒቹ ደግሞ በሰዓትና በመስመር የተከፋፈለ ቲኬት ስላለው ቀድማችሁ ካልያዛችሁ በር ላይ ትቀራላችሁ።

ቬኒስን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ ለሰዓታት ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ከሄዳችሁ እደሩ። ጠዋት መጥቶ ማታ የሚሄደው ሕዝብ ነው ከተማዋን ያጨናነቃት፤ በ2024 የቀን ጎብኚ ላይ የመግቢያ ክፍያ የጀመረችውም ለዚህ ነው። ያደረ ሰው ማታ ቦዮቹን ጸጥ ብለው ያገኛቸዋል፤ ገንዘቡም ነዋሪው ጋ ይደርሳል።

የአውስትራሊያው ኡሉሩ ላይ ግን ደንቡ ከአካላዊ ጉዳት ያልፋል። አለቱ ለአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ ለአናንጉ፣ ቅዱስ ነው። ለዓመታት «እባካችሁ አትውጡ» ብለው ለምነዋል። ብዙ ሰው ወጣ። በኦክቶበር 26፣ 2019 መውጣት በይፋ ተከለከለ፤ ቀኑ መሬቱ በ1985 ለባለቤቶቹ የተመለሰበት ቀን ነው። ከዚያ ድንጋይ ወስደው የሄዱ ጎብኚዎች ከብዙ አገር በፖስታ ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር ይመልሳሉ። ከየትኛው ቦታ እንደተነሳ ስለማይታወቅ ግን ድንጋዩን የነበረበት ማስቀመጥ አይቻልም። ምንም አታንሱ። ጠጠርም፣ ዛጎልም፣ የወዳደቀ ሸክላም።

ሰው የሚኖርበት ወይም የሚጸለይበት ቅርስ ከሆነ ደግሞ ከማንም በፊት እዚያ ያለውን ሰው ጠይቁ። ቅዳሴ ወይም ስግደት ላይ ካሉ ካሜራው ይቆይ። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ። አስጎብኚ ስትይዙ ከአካባቢው ይሁን።

ያያችሁትን ጻፉ

ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። በመዝገቡ ላይ ባለ ቦታ ላይ ጉዳት ያየ ሰው፣ የየትኛውም አገር ዜጋ ቢሆን፣ ፓሪስ ለሚገኘው የዓለም ቅርስ ማዕከል መጻፍ ይችላል። የስምምነቱ አፈጻጸም መመሪያ ከመንግሥት ውጭ የመጣ መረጃንም ያውቃል፤ ማዕከሉ መረጃውን ለአገሩ ልኮ ማብራሪያ ይጠይቃል። በዚህ መንገድ የሚጀምሩ ጉዳዮች አሉ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ከላይ የቅርሱን ስምና የመዝገብ ቁጥር አስቀምጡ። ቀጥሎ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ትክክለኛ ቦታውን። «እየወደመ ነው» ከማለት «በሰሜኑ በር በኩል ከአጥሩ ውስጥ ቁፋሮ ተጀምሯል፤ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ይበልጣል» ማለት ይሻላል። ቦታው ከውስጠኛው ክልል ይሁን ከመከለያው ቀጠና ከካርታው ላይ አይታችሁ ጥቀሱ። የትኛው መስፈርት እንደሚነካ በአንድ ዓረፍተ ነገር አክሉ፤ እስካሁን ያነበባችሁት ዶሴ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ፎቶው ከሩቅ አንድ፣ ከቅርብ አንድ ይሁን፤ በቅርቡ ፎቶ ላይ መጠኑን የሚያሳይ ነገር ይግባ። ኮፒውን ለቅርሱ አስተዳደር ቢሮም ላኩ። የነገራችሁን ነዋሪ ስም ግን ሳይፈቅድላችሁ አትጻፉ፤ እናንተ ትመለሳላችሁ፣ እሱ ግን እዚያው ይኖራል።